ደረቅ ነፋስ፣ ቀላል ዝናብ፣ ሙቀት፦ የበጋ ትንበያ ተረትና እውነታ

ጥቅምት ሲገባ በሬዲዮ የሚነበበው የበጋ የአየር ጠባይ ትንበያ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ባንድ ትንፋሽ ይናገራል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ደረቅና ነፋሻማ ይሆናል፤ በአንዳንድ ቦታ ቀላል ዝናብ ይጥላል፤ ቆላው ይሞቃል። ሰሚው «ታዲያ የትኛውን እንመን?» ይላል። ሦስቱንም ማመን ይቻላል፤ ቆላው ዳሎልና ደጋው ደብረ ብርሃን አንድ ሰማይ የላቸውምና። ከዚህ በታች ያሉት አምስት አባባሎች የአብዛኞቹ መነሻ አገሩን በአንድ ሰማይ መለካት ነው።

ተረት፦ «በጋ ማለት የሙቀት ወቅት ነው።»

እውነታ፦ በጋ ስሙን ያገኘው ከዝናብ መጥፋት እንጂ ከሙቀት አይደለም። በሚቲዎሮሎጂ አከፋፈል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ለደጋው የዓመቱ ብርዳም ሌሊቶች የሚገኙበት ጊዜ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል የመጣውም ከዚሁ ብርድ ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሞቀችውን ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ሙቀቱን አፍኖ የሚያስቀር ደመና የለም። በብዙው የደጋ አገር የቀኑ ሙቀት የሚብሰው ከየካቲት በኋላ፣ በበልግ ወራት ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች «ክረምት» ሲሉ ለልጆቻቸው በረዶ፣ «በጋ» ሲሉ የባሕር ዳርቻ ይታያቸዋል፤ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ የሚያርፈው ልጅ ግን ካፖርትና ጃንጥላ ይፈልጋል።

ተረት፦ «ውርጭ የሚያመጣው ነፋሱ ነው።»

እውነታ፦ ግማሹ ልክ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ፣ በዓረብ ልሳነ ምድር በኩል የሚመጣው ነፋስ ደረቅ አየር ይዞ ይገባል። ውርጩ የሚጥለው ግን ነፋሱ ጸጥ ያለ ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ነፋስ ካለ ግን ከላይኛው ሞቅ ያለ አየር ጋር ያማታዋል። ለዚህ ነው በአንድ መንደር የሜዳው ባቄላ ተለብልቦ የተዳፋቱ የሚተርፈው። ነፋሱ ባለውለታም ነው። ጤፉን ወቅቶ አውድማው ላይ የከመረ ገበሬ መንሽና ላይዳውን ይዞ የሚጠብቀው እሱን ነው፤ ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ወደ ጎን ይሄዳል።

ተረት፦ «ሙቀት ከበረታ ዝናብ ቀርቧል።»

እውነታ፦ አማርኛችን ራሱ መልሱን ይዟል፤ ሀሩር ሌላ፣ ወበቅ ሌላ። ሀሩር የሚያቃጥል ደረቅ ሙቀት ነው፤ ላቡ ሳይታይ ይደርቃል። ወበቅ እርጥበት ያዘለ ነው፤ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ሙቀት አየርን ወደ ላይ ያነሳል፤ የተነሳው አየር እርጥበት ከሌለው ግን ከየት ደመና ይሆናል? ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ዝናቡ ግን ኢምንት ነው። በልግ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል፤ ረፋዱን ያፈነው ወበቅ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ ሊሆን ይችላል።

ተረት፦ «ቀላል ዝናብ ከተባለ አያሳስብም።»

እውነታ፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አምስት ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 50,000 ሊትር ያወርዳል። ይህ ካፊያ ኅዳር ላይ ታጭዶ መሬት የተኛ ጤፍ ካገኘ ፍሬው ይጠቁራል፣ ይሻግታል፤ በእበት የተለቀለቀውን አውድማ ያቦካል። ሲዳማና ይርጋጨፌ ደግሞ ቡናው በአልጋ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ ስለሆነ ሰው ሸራ ይዞ ይሯሯጣል። ቦረና ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ሐገያ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው፤ «ቀላል» ከተባለ ለአርብቶ አደሩ ሣርም ኩሬም አይበቃም ማለት ነው።

ተረት፦ «ከመደበኛ በታች ብለው ነበር፣ ዘነበ፤ ትንበያው ዋሸ።»

እውነታ፦ ትልቁ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ የአንድን አካባቢ የ30 ዓመት የወቅት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረድሩና ለሦስት እኩል ይከፍሉታል። ደረቆቹ አሥር ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ «መደበኛ»፣ ዝናባሞቹ «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ለምሳሌ «ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ» ቢባል፣ እንዲህ ካለ አሥር ወቅት ሁለቱ እርጥብ ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞም የሚነገረው የወቅቱ ድምር እንጂ የማክሰኞ ከሰዓት አይደለም። ክምሩን ለመክደን የሚረዳው የዕለትና የአሥር ቀን ትንበያ ነው፤ የወቅቱ ትንበያ የሚጠቅመው ዘር ለመምረጥ፣ ውሃ ለመያዝና ከብት በጊዜ ለመሸጥ ነው።

«ኤልኒኖ መጣ፣ ድርቅ ሆነ» የሚባለውም በዚሁ ሚዛን ይታይ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ፣ የክረምቱን ዝናብ አቅጥኖ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለምግብ እርዳታ ዳርጓል። ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ግን በኤልኒኖ ዓመት የበጋው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምርላቸዋል። ቦረናንና ሶማሌ ክልልን ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት ወቅት በተከታታይ ያደረቀው ድርቅ የደረሰው በተቃራኒው ክስተት፣ በላኒና ጊዜ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ትንበያ «ደረቅ ነፋስ» ሲባል የት፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው መደበኛ አንጻር ብሎ መጠየቅ ነው። ያንኑ ዜና ሰምቶ ቦረና ላይ አንዱ ኩሬውን ሄዶ ያያል፤ ደጋ ላይ ሌላው ላይዳውን ከጣሪያው ሥር ያወርዳል።