ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ

በጅቡቲ ከተማ ስለ ሻርፕ ማውራት ሰውን ያስቃል። ካምሲን በሚነፍስበት ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አንገታችን የሚፈልገው ሱፍ ሳይሆን እርጥብ ጨርቅ ነው። አሊ አዴ ያላችሁ ግን አትስቁም። አሊ ሳቢህ ከባሕር ጠለል 700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ስለሆነ፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ሕፃን ያስነጥሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ያለን መምህራንና እናቶች ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ሹራብ እንሠራለን።

ለክር እንግዳ አይደለንም። እናቶቻችን በእንዝርት ፈትለው ሸማኔው ጋቢ አድርጎታል፤ የመንዝ ሰውም በበጎቹ ሱፍ ባና እየሠራ ያንን ብርድ ችሎታል። ሸማኔ ግን መቀመጫ ጉድጓድና የሚረጋበት ቦታ ይፈልጋል። የሹራብ ሥራ በዘንቢል ይዞራል፤ ለእኛ ዓይነቱ ሰው የተመቸውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ክሩን ማወቅ ነው። ገበያ ላይ ወረቀቱ የወለቀ ጥቅል ብዙ ነው፣ ሻጩም «ንጹሕ ሱፍ ነው» ይላል። ጣት የምታህል ክር ቆርጣችሁ በመቆንጠጫ ያዙና፣ ልጆች በሌሉበት፣ ውኃ ያለበት ሳሕን ላይ በክብሪት ለኩሷት። እንደ ወረቀት ነድዳ ለስላሳ አመድ ከሆነች ጥጥ ናት። የተቃጠለ ፀጉር ሸትታ ቶሎ ከጠፋች ሱፍ ናት። ቀልጣ ጠንካራ ዶቃ ከሆነች ሰው ሠራሽ ናት። ሰው ሠራሹ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፣ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከሰል ምድጃ ሥር ለሚውል ልጅ አንመክረውም። ለከተማው አቧራ ደግሞ ከቀጭን ጥጥ የተሠራው ይሻላል።

መርፌ ያጣ ሰው ሁለት ቀጥ ያሉ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ዘንጎች ጫፋቸውን ሞርዶ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይችላል። እኛም እንዲሁ ነው የጀመርነው።

መርፌው ላይ የምትደረደረውን እያንዳንዷን ቀለበት በክፍላችን «ዓይን» እንላታለን። ክሩ ከሥራው በስተኋላ ሆኖ ሲሠራ «ቀጥ»፣ ወደ ፊት መጥቶ ሲሠራ «ግልብጥ»። ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ እያላችሁ እስከ መስመሩ መጨረሻ ሂዱ። የዓይኖቹ ቁጥር በ4 የሚካፈል ከሆነ፣ ሥራውን አዙራችሁ ሁልጊዜ በሁለት ቀጥ ትጀምራላችሁ፤ ሌላ የሚታወስ ነገር የለም። (ማካፈል የሚጠሉ ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ ሳይታወቃቸው ያካፍላሉ።) እንዲህ ሲሠራ ሽንትር እየሆነ ይወጣል፤ ይለጠጣል፣ ጠርዙ አይጠቀለልም፣ ፊቱና ጀርባውም አንድ ነው።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ማመላለስ መርሳት ነው። ያኔ ክሩ መርፌው ላይ ይተኛና ያልተፈለገ ዓይን ይወለዳል። 40 ብላችሁ ጀምራችሁ 43 ካገኛችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። በየ10 መስመሩ ቁጠሩ።

ስፋቱን ለመወሰን ትንሽ ናሙና ሠርታችሁ፣ ሳትለጥጡ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ። 20 ከሆነ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ያዋቂ ሻርፕ 40 ዓይን ነው። ለልጅ 15 ሴንቲ ሜትር ካላችሁ 30 ይመጣል፤ በ4 ስለማይካፈል 28 ወይም 32 አድርጉት። ርዝመቱ የለባሹን ቁመት ቢያህል ደንበኛ ነው። ክር ካጠረም ያጥራል፤ የቀረው ክር የሻርፑን ስፋት አራት እጥፍ ሲያህል ላላ አድርጋችሁ ዝጉት። ጠበቅ ከተደረገ ጫፉ እንደ ከረጢት አፍ ይጨማደዳል።

ከመካከላችን አንዲት እናት ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ ለተባሉ ልጆቿ ሦስት ሻርፕ ሠርታ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ የእነሱም ጉዞ ቆመ። ለብዙ ሳምንታት ወደ ሥራው አልመጣችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ስትመለስ ሦስተኛውን ሻርፕ ይዛ መጥታ መፍታት ጀመረች። ጎረቤቷ ወልዳ ኖሯል። 20 በ150 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሻርፕ 50 በ60 የሚሆን የሕፃን መጠቅለያ ወጣው፤ ብታባዙት ሁለቱም 3,000 ነው። 100 ዓይን፣ ያው ሁለት ቀጥ ሁለት ግልብጥ። ሁለቱን ሻርፖች ግን አልፈታቻቸውም፣ ሻንጣ ውስጥ ናቸው።

እንደሷ ለምትፈቱ፦ ከተዘጋበት ጫፍ ጀምሩ፤ ከመነሻው በኩል እሺ አይልም። የተፈታውን ክር ወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥማችሁ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ አስራችሁ፣ ለብ ባለ ውኃ ንከሩት። ከዚያ ከሥሩ ቀላል ነገር አንጠልጥላችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት። ሲደርቅ መጠማዘዙ ይለቀዋል።