መብራት ሲመጣ ስለሚታይ የኮምፒዩተር ጠባይ

ከደምበጫ እስከ ጅጋ፥ ከፍኖተ ሰላምም እስከ ቡሬ ባለው አገር ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ወደ ቤተ ሰብ ከገባ ሰንብቷል። ልጆች ይማሩበታል፤ ነጋዴው ሒሳቡን ይይዝበታል፤ ጽሕፈት የሚያውቀው ጎረቤትም ለባላገሩ ማመልከቻ ያዘጋጅበታል። ይሁን እንጂ መብራት ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ይህ መኪና እንግዳ ጠባይ ያሳያልና፥ አንዳንዱ ባለቤት ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ደኅናውን ዕቃ ተበላሸ ብሎ ለጠጋኝ ገንዘብ ይከፍላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ማንም ሳይነካው ራሱ መነሣቱ ነው። በእኩለ ሌሊት፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፥ መብራት ሲመጣ ማራገቢያው መጮኽ ይጀምራል፤ መስተዋቱም ያበራል። ይህን ያየች እናት ጠበል ይረጭበት ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤ.ቲ.ኤክስ. የሚባለው ሥርዓት በ1987 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1995) ከወጣ ወዲህ፥ በኮምፒዩተር ፊት ያለው ቁልፍ ኀይልን በእውነት የሚቆርጥ ማጥፊያ አይደለም። ሽቦው በሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፥ መኪናው ጠፍቶ ሳለም 5 ቮልት የምትሆን ጥቂት ኀይል ነቅታ ታድራለች፤ ቁልፉም «ተነሣ» የሚል ምልክት ብቻ ይሰጣታል። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ባዮስ በሚባለው የመነሻ ሥርዓት ውስጥ ትእዛዝ ተጽፏል። ትእዛዙም ጠፍቶ ይቆይ፥ ወይም ይነሣ፥ ወይም እንደ ቀድሞው ይሁን የሚል ነው። ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2 የተባለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ወደዚያ ይገባል። ለቤት የሚሻለው ጠፍቶ እንዲቆይ ማዘዝ ነው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ የመጣው መብራት ወዲያው ተመልሶ ሊሄድ ይችላልና። መኪናው ገና በመነሣት ላይ ሳለ ደጋግሞ ቢቋረጥ የተጻፈው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል።

ሌላው ተነሥቶ አንድ ሰከንድ ያህል ይዞርና ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል። ከመብራት መቋረጥ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ እንደሆነ፥ ይህ የአንዳንድ ሥሪት ጠባይ ነውና አያሳስብም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ንቆ ስለሚያልፈው ነገር እንናገር፤ ይኸውም የቀን መዛባት ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ በዋናው ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምትመስል፥ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፥ ሲ.አር. 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋም መብራት በሌለ ጊዜ ሰዓቱን ማስኬድ ነው። ሽቦው በሶኬት ላይ ሳለ ሰዓቱ ከዚያች ነቅታ ከምታድረው ኀይል ይመገባልና፥ ባትሪዋ ብትሞትም ማንም አያውቅም። መብራት በሄደ ጊዜ ግን ሰዓቱ ይጠፋል፤ ሲመለስም መኪናው በጥቁር መስተዋት ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ ኤፍ1ን ተጫኑ እያለ ይቆማል፤ ቀኑም ለምሳሌ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ወደሚውለው የፈረንጅ አዲስ ዓመት ይመለሳል። እንግዲህ በሽታው የመብራቱ አይደለም፤ መብራቱ ገለጠው እንጂ።

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለምንሠራ ሰዎች ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠው ቀን 60 ነው። ቀኑን ራሱ በሚሞላ ኮምፒዩተር የተጻፈ ወረቀት፥ ሳይመረመር ታትሞ ቢፈረምበት፥ ድሃው ባለጉዳይ ባልሠራው ጥፋት ሊከራከር ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዕለቱን በጣቱ ቆጥሮ ያወጣል፤ ይህ መኪና ግን ባትሪው የሞተ ዕለት ዓመቱንም አያውቅም። ባትሪዋን ለመለወጥ የሶኬቱን ሽቦ ነቅሎ፥ አሮጌዋን አውጥቶ፥ የመደመር ምልክት ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጎ አዲሲቱን ማግባት ነው። ከዚያም በኋላ ቀኑንና ባዮስ ውስጥ ያለውን ትእዛዝ ማስተካከል ያሻል።

ስለ መብራቱ ራሱ፥ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ተመርቋል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ለኮምፒዩተር የሚያሳስበው ግን ከግንዱ ወደ ቤት የሚገባው የመጨረሻው ሽቦ ነው። በአገራችን የተወሰነው 220 ቮልት ነው። መብራት በመጣ ጊዜ ግን የመንደሩ ምጣድ፥ ማቀዝቀዣና ወፍጮ ሁሉ ባንድነት ይነሣል፤ የወፍጮ ሞተርም ሲነሣ ከመደበኛው አያሌ እጥፍ ኀይል ይስባል። ስለዚህ ቮልቱ መጀመሪያ ይወድቃል፤ ቀጥሎም ይዘላል። በዱሮው የክር አምፑል ይህ በዓይን ይታይ ነበር፤ የዛሬው አምፑል ግን ይደብቀዋል። ይልቁንም ኒውትራል የሚባለው ሽቦ በግንዱ ላይ የተበጠሰ እንደሆነ፥ በአንዳንዱ ቤት ቮልቱ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። እንግዲህ መብራት በሄደ ጊዜ ሶኬቱን መንቀል፥ ከተመለሰም በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል መታገሥ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት መሥመር ላይም ኮምፒዩተር አለመሰካት ለእመቤቲቱም ለተማሪውም ይበጃል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ካለ፥ በስተኋላው ያለውን ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ሳይሰኩ መመልከት ነው። በዚያ አገር ያለው 120 ቮልት ስለሆነ፥ መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ እዚህ ቢሰካ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። ወደ 230 መመለስ አለበት። መቀየሪያ የሌለውና ከ100 እስከ 240 ተብሎ የተጻፈበት ግን ለሁለቱም ይሆናል።

ብረቱን ሲነኩት ይነዝራል የሚሉም አሉ። በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኀይል ወደ ብረቱ ያሳልፋል፤ የመሬት ሽቦ ካለ ይህ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከሌለ ግን ብረቱ ላይ የመስመሩ እኩሌታ፥ ማለት 110 ቮልት ያህል ይቀራል። ኀይሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ነገር ግን በባዶ እግሩ የሚሄድ ሕፃን ባለበት ቤት መናቅ አይገባም። የሦስተኛውን መሰኪያ እግር ቆርጦ ባለ ሁለት ሶኬት ላይ ማስገባት ክፉ ልማድ ነው። የመሬት ዘንግ በባለሙያ ማስተከል ያስፈልጋል።

መብራት ከመጣ በኋላ ጨርሶ የማይነሣ ኮምፒዩተር ቢገጥም፥ መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መፈተን፥ ቀጥሎ ሽቦውን ነቅሎ ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፥ ከዚያ እንደ ገና ሰክቶ መሞከር ነው። ጥበቃው ቆልፎት እንደሆነ ይፈታል። ይህም ካልሆነ ፓወር ሳፕላዩን በሌላ ለውጦ ማየት ይገባል። ሣጥኑን ግን በቤት አይክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ከ300 ቮልት በላይ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።