የመጀመሪያዋ ደቂቃ፤ በቀዝቃዛ ባሕር ስለ መዋኘት

በሰሜን አውሮፓ የባሕር ዳርቻዎች፥ በጋ ከክረምት ሳይሉ፥ በማለዳ እየተነሡ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር የሚገቡ ሰዎች ቁጥር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በጣም በዝቷል። ይህንን የሚያደርጉት ለውድድር ወይም ለሽልማት አይደለም። ብዙዎቹ እንደሚናገሩት ለአእምሮ ዕረፍትና ለሰውነት ብርታት ነው። ከአገራችን ለትምህርት ወደነዚያ ከተሞች የሚሄዱ ተማሪዎችም አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው «ና እንዋኝ» የሚል ጥሪ ይደርሳቸዋል። እሺ ከማለት በፊትም ሆነ እምቢ ከማለት በፊት ነገሩን ማወቅ ስለሚበጅ፥ ጥቂት ማብራሪያ ለአንባቢ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በብርድ ደርቀው አይደለም። የሚሞቱት ብርዱ ገና ወደ ውስጥ አካላቸው ሳይደርስ፥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፥ ትንፋሻቸውን መግዛት አቅቷቸው ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደጋ አገር በሌሊት ተነሥቶ ጠበል የተጠመቀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ውሃ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ሳይወድ በግድ «ህእ!» ብሎ አየር ይስባል። ከዚያም ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ልቡ ይመታል፤ ጸሎቱን እንኳ አስተካክሎ መናገር ይሳነዋል። በጠበሉ ቦታ ሰውዬው በእግሩ መሬት ረግጦ ስለ ቆመ ትንፋሹ እስኪመለስለት ድረስ ጊዜ አለው። ያ ሰው ግን ያንን አየር በሚስብበት ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ቢሆን ኖሮ የሚስበው አየር ሳይሆን ባሕር ነበር።

ሐኪሞች ይህን ነገር የብርድ ድንጋጤ ይሉታል። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ከቆዳ በታች ያሉት ብርድ የሚሰማቸው ነርቮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንጎል መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሳንባን ያስከፍታል፥ ልብን ያስሮጣል፥ የቆዳን ደም ሥሮች ያጠብባል። በደረቅ መሬት አንድ ደቂቃ ያህል ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው በዚህ ጊዜ ዐሥር ሰከንድ እንኳ መያዝ ላይችል ይችላል። ይህ እንዲሆን ውሃው በረዶ መሆን አያስፈልገውም፤ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ይበቃል። ዳሩ ግን ድንጋጤው ዘላቂ አይደለም። ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ እየበረደ ይሄዳል። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አፍና አፍንጫውን ከውሃው በላይ አድርጎ ያችን ደቂቃ ያሳለፈ ሰው ከትልቁ አደጋ አልፏል።

ለምሳሌ እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን፥ እንግሊዞች ቻናል፥ ፈረንሳዮች ላ ማንሽ የሚሉትን ባሕር እንውሰድ። በጣም በጠበበበት በዶቨር አጠገብ ስፋቱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው በበጋ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በክረምት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ካፒቴን ማቲው ዌብ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ በኦገስት 1875 ሰውነቱን በባሕር እንስሳ ስብ ቀብቶ ከዶቨር ተነሣና ከ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በኋላ ካሌ ደረሰ። በ1926 ደግሞ ጌርትሩድ ኢደርል የምትባል የ20 ዓመት አሜሪካዊት የመጀመሪያዋ ሴት ተሻጋሪ ሆነች፤ የወሰደባትም ጊዜ ከርሷ በፊት ከተሻገሩት አምስት ወንዶች ሁሉ ያነሰ ነበር። ሴት አትችልም ይሉ የነበሩት ጋዜጦች ምን እንደ ተሰማቸው አንባቢ ይገምት። ዛሬም ይህን ባሕር በዋና ለመሻገር የሚመዘገብ ሰው አስቀድሞ ወደ 16 ዲግሪ በሚጠጋ ወይም ከዚያ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት ሰዓት መዋኘቱን ማስመስከር አለበት። በሚሻገርበትም ቀን ጀልባ ከጎኑ አይለይም።

ይኸው ባሕር ጀልባ ለማያጅባቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ባሕር ነው። በኖቬምበር 24 ቀን 2021 ስደተኞችን የጫነች በአየር የተነፋች ጀልባ በዚሁ ቻናል ላይ ተገልብጣ ቢያንስ 27 ሰዎች አልቀዋል፤ ከነሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩባቸው። ስለ ቀዝቃዛ ውሃ የሚነገረው ዕውቀት የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው። የደጋ ልጅ፥ ባሕርን በካርታ ብቻ የሚያውቅ፥ ምናልባትም ዋና ያልተማረ፥ በዚያ ውሃ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ከመጀመሪያው ድንጋጤ የተረፈ ሰው ሁለተኛ ጠላት ይጠብቀዋል። ውሃ ከሰውነት ሙቀትን የሚወስደው እኩል ከቀዘቀዘ አየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። ስለዚህ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የእጅና የእግር ጡንቻዎችና ነርቮች ይደነዝዛሉ። ጣቶች ይዘረጉና አልታጠፍ ይላሉ፤ ገመድ ቢወረወርላቸው አይጨብጡም። ጎበዝ ዋናተኛ ከወደቡ ጥቂት ሜትር ሲቀረው የሚሰጥመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ድካም ይመስላል እንጂ ተራ ድካም አይደለም። ሦስተኛው፥ ሁሉም የሚፈራው፥ የውስጥ አካል ሙቀት መውረድ ነው። ይህ ግን በደረሰ ሰው ላይ በአብዛኛው ከግማሽ ሰዓት በፊት አይመጣም። በሕፃናትና በቀጫጭን ሰዎች ላይ ይፈጥናል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ ሰዎች ለምን ይገባሉ? ነገሩ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ራስል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1750 የባሕር ውሃ ለእጢ በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ በላቲን ጽፎ ነበር፤ ሕመምተኞቹን ውሃውን እንዲጠጡ ጭምር ያዝዛቸው ነበር። በእርሱ ምክንያት ብራይተን የምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር የሀብታሞች መታጠቢያ ሆነች። በ1789 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ከሕመማቸው ሲያገግሙ ዌይመዝ በምትባል ከተማ ባሕር ሲገቡ ሙዚቀኞች በአጠገባቸው የንጉሡን መዝሙር ይጫወቱላቸው ነበር ይባላል። ንጉሡ በብርድ ድንጋጤ ሲያቃስቱ ሙዚቃው ይሸፍንላቸው እንደ ሆነ አናውቅም።

በዘመናችን የተደረጉት ምርመራዎች ከራስል ይልቅ ጥንቁቆች ናቸው። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ወጣት ወንዶችን 14 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀምጦ በደማቸው ውስጥ ኖርአድሬናሊን የሚባለው ቅመም በ530፥ ዶፓሚን ደግሞ በ250 በመቶ መጨመሩን ለክቷል። ከውሃ ሲወጡ የሚሰማው ንቃትና ደስታ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በ2018 ደግሞ በእንግሊዝ ሐኪሞች ስለ አንዲት የ24 ዓመት ሴት ጽፈዋል። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ነበረባትና በየሳምንቱ በቀዝቃዛ ውሃ መዋኘት ጀምራ ከጊዜ በኋላ መድኃኒቷን ለመተው ችላለች። ይህ የሚያስደስት ዜና ነው፤ ሆኖም የአንዲት ሴት ታሪክ ለሁሉ ሕግ አይሆንም፤ መድኃኒትንም ያለ ሐኪም ምክር መተው አይገባም። በተጨማሪም የሚዋኝ ሰው ከብርዱ ሌላ ብዙ ነገር ያገኛል፤ በማለዳ መነሣትን፥ ሰውነትን ማንቀሳቀስን፥ የሰማይ ብርሃንን፥ አብሮ የሚንቀጠቀጥ ወዳጅን። ደስታው ከባሕሩ ነው ወይስ ከባሕሩ በኋላ ተሰብስበው ከሚጠጡት ሻይ? በበኩላችን ከሁለቱም ይመስለናል።

ደግነቱ ሰውነት ይለምዳል። አምስት ስድስት ጊዜ ያህል፥ በየጊዜው ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ፥ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ የገባ ሰው የመጀመሪያው ድንጋጤ በግማሽ ያህል ይቀንስለታል፤ ይህም ልምድ በከፊል ለወራት ይቆያል። የሚለመደው ግን ድንጋጤው እንጂ ብርዱ አይደለም። የለመደ ሰውም ብዙ ቢቆይ እጁ ይደነዝዛል፥ ሙቀቱም ይወርዳል። እንዲያውም ለመድሁ ባዩ ከጀማሪው ይልቅ ብዙ ስለሚቆይ ያሰጋል። መጀመር የሚገባው በበጋው መጨረሻ ባሕሩ ገና ለዘብ ባለበት ወራት ነው፤ ከዚያም ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ መቀጠል ነው። በጥር ወር በውርርድ የሚጀምር ሰው ግን ትምህርቱን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል።

አገባቡም እንዲህ ነው። ከድንጋይ ላይ ዘሎ መግባት ፈጽሞ አይገባም። በእግር ቀስ እያሉ ገብቶ እስከ ወገብ ሲደርስ መቆም፥ አንገትንና ፊትን በእጅ ውሃ ማራስ፥ ትንፋሽ ተረጋግቶ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር እስኪቻል ድረስ መጠበቅ ነው። ፊትን በውሃ ውስጥ የመንከር ነገር ከሁሉ በኋላ ይሁን። ምክንያቱም ቅዝቃዜው ልብን «ሩጥ» ሲለው የፊት መነከር ደግሞ «ዝግ በል» ይለዋል፤ ሁለቱ ትእዛዞች ሲጋጩ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ። በዋና ላይ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም አረፋ የሚያስለው ሰው ወዲያው ይውጣ፤ ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ከገቡ በኋላ ወደ ጥልቁ ሳይሆን ከዳርቻው ትይዩ መዋኘት፥ ከሩቅ የሚታይ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ቆብ ማድረግ፥ ብቻን አለመግባት፥ መጠጥ ቀምሶ አለመግባት ያስፈልጋል። ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ ቢይዝዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፤ ሞገዱ ጠባብ ስለሆነ ወደ ጎን ዋኝተው ይውጡለት። በእንግሊዝ አገር ነፍስ አዳኞች የሚጠብቁት ቦታ በቀይና ቢጫ ባንዲራ ይለያል፤ በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል መዋኘት ነው።

ከውሃው መውጣት የሚገባው ገና ደስ እያለ ነው። ከወጡ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሰውነት መቀዝቀዙን ይቀጥላል፤ በእጅና በእግር የቀዘቀዘው ደም ወደ መካከል ይመለሳል፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ከውሃው ውስጡ ይብሳል። ስለዚህ እርጥቡን ልብስ ፈጥኖ ማውለቅ፥ ከላይ ጀምሮ ሱፍ መደራረብ፥ ራስን መሸፈን፥ ትኩስ ነገር መጠጣት ያሻል። ወዲያው በፈላ ውሃ መታጠብ የደም ሥሮችን በድንገት ከፍቶ ሰውን ሊጥል ይችላል። መኪና መንዳትም ይቆይ።

ሳያስበው ባሕር የወደቀ ሰው፥ ዋና የማያውቅም ቢሆን፥ በመጀመሪያ መዋኘት የለበትም። ከ1824 ጀምሮ በእንግሊዝና በአየርላንድ ዳርቻ ሰው የሚያድነው የነፍስ አድን ጀልባ ማኅበር ዛሬ ለሕዝቡ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ጥሎ ጆሮ በውሃ እስኪነከር በጀርባ መንጋለል፥ እጅና እግርን ዘርግቶ በቀስታ ማንቀሳቀስ፥ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ መንሳፈፍ። የለበሰው ልብስም በመጀመሪያ አየር ስለሚይዝ ያግዘዋል፤ ለማውለቅ መታገል ጉልበት መጨረስ ነው። ትንፋሹ ሲመለስ ያን ጊዜ ይጣራ ወይም ይዋኝ።

በዳር ያለ ሰው ደግሞ ተከትሎ አይዝለል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሞት ሁለት የሚሆነው በዚህ ነው። ገመድ፥ ረጅም እንጨት፥ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፥ የሚንሳፈፍ ማንኛውንም ነገር ይወርውር። በአውሮፓ አገሮች 112፥ በእንግሊዝ ደግሞ 999 ደውሎ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችን ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ በውሃ የቆየ ሰው ሲወጣ አጋድመው ይያዙት እንጂ አያቁሙት፤ በውሃው ግፊት የቆየው የደም ዝውውር በድንገት ሊወድቅበት ይችላል። እጅ እግሩን አይሹት፥ አረቄም አይስጡት፤ አድርቀው፥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፥ ከነፋስ ከልለው አምቡላንስ ይጠብቁ።