መልስ የማያጠግበው ጥያቄ፤ ኦሲዲና ጭንቀት ያለበትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማሳደግ

ኦሲዲ በሁለት ነገሮች የሚታወቅ የአእምሮ ሕመም ነው። አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ቢያባርሩት የሚመለስ አስጨናቂ ሐሳብ ነው፤ ሁለተኛው ሐሳቡ የቀሰቀሰውን ጭንቀት ለማብረድ ተደጋግሞ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ድርጊቱ አንዳንዴ በዓይን ይታያል፤ እጅ መታጠብ፣ የበር ቁልፍ እየተመለሱ ማየት፣ ዕቃ መደርደር። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳያየው በውስጥ ያልቃል፤ መቁጠር፣ አንድን ጸሎት «በትክክል» እስኪወጣ መድገም፣ ትናንት የተናገሩትን ቃል በቃል መመርመር። ንጽሕና መውደድ ወይም ሥርዓት ማብዛት ኦሲዲ አይደለም። ሐኪሞች ሕመም የሚሉት ነገሩ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ሲበላ፣ ወይም ትምህርትን፣ ቤተሰብንና ጓደኝነትን ሲያውክ ነው።

ሐሳቡ ለብቻው ሲታይ ብርቅ አይደለም። ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ዴ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ተመሳሳይ አስደንጋጭ ሐሳቦች እንደሚመጡባቸው አሳይተዋል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ «ብዘልስ?» ያላለ ሰው ጥቂት ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጤነኛው ሰው በሐሳቡ ተገርሞ ያልፈዋል፤ ኦሲዲ ያለበት ልጅ ግን «ይህን ያሰብኩ እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?» ብሎ ይይዘዋል። የሚፈልገው ፍጹም እርግጠኝነት ነው፤ እሱ ደግሞ ለማንም ሰው አልተሰጠም።

ጭንቀት ከኦሲዲ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ይሁንና ሁለቱ አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ኦሲዲን ከጭንቀት ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። በአንድ ልጅ ላይ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። በጭንቀት ሕመም የሚሠቃየው ተማሪ ስለ ውጤት፣ ስለ ሰው ዓይን፣ ስለ ወላጆቹ ጤና ያለ ዕረፍት ይጨነቃል፤ ሰኞ ጠዋት ሆዱን ያመዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። የሆድ ሕመሙ ማስመሰል አይደለም፤ የተጨነቀ አካል በእርግጥ ያማል።

ከ100 ልጆችና ታዳጊዎች 1 ወይም 2 ያህሉ ኦሲዲ አለባቸው። 2,000 ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት ይህ ከ20 እስከ 40 ልጅ ማለት ነው። ሕመሙ የሚጀምርባቸው ሁለት ዘመናት አሉ፤ አንደኛው በ10 ዓመት አካባቢ፣ ሌላው ከጉርምስና ማብቂያ እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚወድቀው በነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ነው። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመውም፣ ገና ሊታመም ያለውም እዚያ ይገኛል።

መንስኤው አንድ አይደለም። በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት አለ። የአንጎል ምስሎች ደግሞ ከዓይን በላይ ባለው የፊተኛው አንጎል ክፍልና በአንጎል ጥልቀት ውስጥ ባሉ ማዕከሎች መካከል የሚዞረው የመልእክት መስመር ከልክ በላይ እንደሚሠራ ያሳያሉ። ይህ መስመር በጤነኛ ሰው ላይ «ስህተት አለ» ብሎ አስጠንቅቆ ዝም ይላል። በኦሲዲ ላይ ማስጠንቀቂያው አይቆምም። የወላጅ አስተዳደግ ኦሲዲን አይፈጥርም፤ ሕመሙ አንዴ ቤት ከገባ በኋላ ግን የወላጅ ምላሽ ያሳድገዋል ወይም ያጫጨዋል።

በትምህርት ቤት ኦሲዲ ብዙ ጊዜ ሌላ ስም ይሰጠዋል። የቤት ሥራውን አራት ጊዜ ጽፎ ገጹን የሚቀድ ልጅ «ሰነፍ» ይባላል፤ ደብተሩ የሳሳው ፊደሉ እኩል አልሆነልኝ እያለ ስለሚገነጥለው ነው። አንዷን አንቀጽ ሃያ ጊዜ የምታነብ ልጅ «አይገባትም» ትባላለች፤ የገባት ገና በመጀመሪያው ንባብ ነበር። ሌላው በፈተና ቀን ትክክለኛዋን ፊደል አጥቁሮ፣ ላጲስ አንሥቶ፣ እንደገና አጥቁሮ፣ ቁጥሩ መዛነፉን ከላይ እስከ ታች ሲፈትሽ ሰዓቱ ያልቅበታል። የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ የሚፈራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደበቀው አሳፋሪው ሐሳብ ነው። ታናሽ ወንድሙን በቢላ የሚወጋ እየመሰለው ወጥ ቤት መግባት ያቆመ ልጅ ይህን ለማንም አይናገርም። ቢናገር ወላጅ ይደነግጣል፤ መደንገጥም ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ የሚያሠቃየው ልጁ ከሚወደውና ከሚያምንበት ጋር ስለሚጋጭ ነው፤ ምኞት ቢሆንማ ባላሳመመው ነበር። ሃይማኖት ጠንካራ በሆነበት ቤት ሕመሙ የሃይማኖት መልክ ይይዛል። በቅዳሴ መካከል የስድብ ሐሳብ የሚመጣባት ልጅ በሳምንት ሦስት ጊዜ የንስሐ አባቷን ትፈልጋለች። በሙስሊም ቤት ውዱኡ የተበላሸ እየመሰለው ደጋግሞ የሚታጠበውን ልጅ ዕድሜ ጠገብ የሆነው «ወስዋስ» የሚለው ቃል ይገልጸዋል። የሃይማኖት አባት እዚህ ላይ ትልቅ አጋዥ ሊሆን ይችላል፤ ግን በየጊዜው «ተፈትተሻል» እያለ ካረጋጋት ሳያውቅ ሕመሙን ይመግባል። አንድ ጊዜ መናዘዝ እንደሚበቃ ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ መቆም ይሻላል። ጸበልና መድኃኒትም የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ አደጋው ያለው ጸበል ሲገቡ መድኃኒት ይቋረጥ በሚል ምክር ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ተመልሳ «እማዬ፣ እጄ ንጹሕ ነው?» ትላለች እንበል። እናት «ንጹሕ ነው የኔ ልጅ» ትላለች። «እርግጠኛ ነሽ?» «እርግጠኛ ነኝ።» ልጅቱ ታርፋለች፣ ለሦስት ደቂቃ። ከዚያ ጥያቄው ይመለሳል፣ በማግሥቱ ደግሞ በዝቶ። እናቲቱ የሠራችው ስህተት የለም ሊባል ይችላል፤ ልጇ ስትጨነቅ አይታ አጽናናቻት። የልጅቱ አንጎል የተማረው ግን ሌላ ነው፤ «አደጋ ነበር፣ ያመለጥኩትም በእናቴ መልስ ነው» ብሎ መዝግቦታል። ሁለተኛ የልብስ ሳሙና መግዛት፣ በሯን በክርን መክፈት፣ በፈረቃ የመጣውን ውሃ ጀሪካን ለእሷ ብቻ ማስቀመጥ፣ ለትምህርት ቤቱ «አሟት ነው» ብሎ መጻፍ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ኦሲዲ ያለበት ልጅ የሚገኝባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ይህን ያደርጋሉ፤ ጥናቶችም ቤተሰብ ለሕመሙ ባጎነበሰ መጠን ምልክቱ እንደሚከፋ ያሳያሉ። ለጭንቀትም ሕጉ ይኸው ነው፤ ቤት የቀረ ተማሪ ዛሬ ይረጋጋል፣ ነገ የትምህርት ቤቱ በር ይበልጥ ይከብደዋል።

በየል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ጥናት ማዕከል የሚሠራው ኤሊ ሌቦዊትዝ ሕክምናውን በዚህ ላይ መሠረተ፤ ልጁን ትቶ ወላጆቹን ማሠልጠን። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናቱ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 124 ልጆች ያቀፈ ነበር። የግማሾቹ ወላጆች ብቻ ሠለጠኑ፤ ግማሾቹ ልጆች ራሳቸው የንግግር ሕክምና አገኙ። ውጤቱ እኩል ሆነ። ልጁ «ሐኪም ጋ አልሄድም» ባለበት ቤት፣ ባለሙያም በማይገኝበት ከተማ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

አሠራሩ በሁለት እግር ይቆማል። አንደኛው ስሜቱን መቀበል ነው፤ ሁለተኛው ይችላል ብሎ ማመን። «ከባድ እንደሆነብሽ ይገባኛል፤ ግን ትችዪዋለሽ። ይህን ጥያቄ ከሰኞ ጀምሮ አልመልስም» የሚለው ንግግር ሁለቱንም ይዟል። ንግግሩ የሚደረገው በረጋ ሰዓት ነው፤ ልጅቱ እያለቀሰች ሳለ አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚተወው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወላጅ የሚቆጣጠረው የራሱን ድርጊት እንጂ የልጁን እጅ አይደለም፤ ቧንቧ መዝጋት፣ ሳሙና መደበቅ፣ መቆጣትና ማላገጥ ከዚህ ሕክምና ውጭ ናቸው። ቤቱም አንድ ቃል መናገር አለበት። እናት ዝም ብላ አያት «ንጹሕ ነው የኔ ዓለም» ካለች፣ አክስት በስልክ ካረጋገጠች፣ ሕመሙ የሚኖርበት አንድ መስኮት አገኘ ማለት ነው፤ አንድ መስኮት ደግሞ ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገሩ ይብሳል። ጩኸት፣ ለቅሶ፣ «አትወጂኝም» ማለት ይመጣል። ብዙ ወላጆች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የሚሰጥ መልስ ደግሞ ልጁን «አጥብቄ ከጮኽኩ ይመለስልኛል» የሚል ትምህርት ያስተምረዋል።

ለኦሲዲ የተመሰከረለት የልጁ ሕክምና የተወለደው ለንደን ውስጥ ነው። ቪክቶር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 በሁለት ሕሙማን ላይ የሞከረው ቀላል ግን ደፋር ዘዴ ነበር፤ ከሚፈሩት ነገር ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም የለመዱትን ድርጊት እንዳይፈጽሙ ማድረግ። ዛሬ ልጁ ራሱ ፈቅዶ በደረጃ ይሠራዋል። ከባለሙያው ጋር ሆኖ ፍርሃቱን ከ0 እስከ 100 እየመዘነ መሰላል ይሠራል። መጀመሪያ የክፍሉን በር እጀታ ነክቶ ለ10 ደቂቃ አለመታጠብ፤ ቀጥሎ በዚያው እጅ ደብተር መያዝ፤ ከሳምንታት በኋላ የመጸዳጃውን በር ከፍቶ ዳቦ መብላት። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ሳይታጠብም ይበርዳል። ባይበርድ እንኳ ልጁ ሊሸከመው እንደሚችል ይማራል። በውሃ ፈረቃ ምክንያት ሳይታጠብ የቀረ ልጅ ግን ታከመ ማለት አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ክልከላ ፍርሃትን ብቻ ያጠራቅማል።

መድኃኒቶቹ ሴሮቶኒን በተባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠሩት እንደ ሰርትራሊንና ፍሉዎክሰቲን ያሉት ናቸው። ውጤታቸው እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 17 የሆኑ 112 ልጆችን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ሕመሙ ከሞላ ጎደል የለቀቃቸው የመሰላሉን ልምምድ የያዘ የንግግር ሕክምናና ሰርትራሊን አብረው ከወሰዱት 53.6 በመቶ፣ የንግግር ሕክምና ብቻ ካገኙት 39.3 በመቶ፣ ሰርትራሊን ብቻ ከወሰዱት 21.4 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 3.6 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በነዚህ መድኃኒቶች ላይ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል፤ በጥቂት ታዳጊዎች ላይ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋል። መድኃኒት ተጀመረም አልተጀመረ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል በዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ የሚያስኬድ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ችግሩ የባለሙያ ቁጥር ማነስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ብዙ ቤተሰብን ያስፈራል፤ ሆኖም ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ ልጅን እዚያ ወስዶ ማስመርመር «አበደ» ማሰኘት አይደለም።

ከትምህርት ቤት ጋር መነጋገርም የሕክምናው አካል ነው፤ መምህሩ ግን የልጁን ሐሳብ ዝርዝር ማወቅ አያስፈልገውም። ጠቃሚ እርዳታ ልጁን ክፍል ውስጥ የሚያቆየው ነው፤ አንድን ሥራ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይጽፍ መስማማት፣ ጭንቀት ሲበረታ ለ5 ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ ያጠቆረውን መልስ አንድ ጊዜ ብቻ ማየት። ከፈተና ወይም ከሰልፍ ሙሉ በሙሉ ነፃ ማድረግ ቸርነት ቢመስልም ለሕመሙ ማጎንበስ ነው። ተጨማሪ ሰዓትም ልጁ በትርፉ ደቂቃ የሚፈትሽበት ከሆነ አይጠቅምም። አሜሪካ ያሉ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አንቀጽ 504 መሠረት በጽሑፍ የሚሰፍር የድጋፍ ዕቅድ መጠየቅ ይችላሉ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስብሰባው ላይ ስለ ራሱ ሕመም የሚያስተረጉመው ልጁ መሆን የለበትም።

ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጀምሮ በርካታ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር አድረው ተፈትነዋል። የሚጋሩት መኝታ፣ የሚጋሩት መጸዳጃ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ተብላ የምትጠየቅ እናት አለመኖር፣ ኦሲዲ ላለበት ልጅ ከፊዚክስ ጥያቄው የሚከብዱት እነዚህ ናቸው። የንግግር ሕክምናውም መድኃኒቱም ፍሬ ለማሳየት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋሉ፤ መሰላሉን በግቢ ሕይወት ላይ ለመለማመድ ደግሞ ሌላ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክረምት መግቢያ ላይ የሚፈተን ልጅ ሐኪም ጋ መድረስ ያለበት ግንቦት ላይ ሳይሆን መስከረም ላይ ነው።