ከ45 ኮልት እስከ 500 ማግነም፦ የትልልቅ ሪቮልቨር ጥይቶችና የቀለህ ሙላት ዳሰሳ

44 ማግነም የተባለው የሪቮልቨር ጥይት በ2018 ዓ.ም. 70 ዓመት ደፈነ። ጥይቱን ሬሚንግተን፣ ሽጉጡን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሠርተው ለገበያ ያቀረቡት በ1948 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ 1955 መጨረሻና 1956 መጀመሪያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኃይል የሚያስከነዱት በርካታ ጥይቶች ወጥተዋል። ይሁንና ትልልቅ ሪቮልቨሮች ሲነሱ መለኪያው አሁንም እሱ ነው፤ ሌላው ከእሱ በላይ ወይም ከእሱ በታች እየተባለ ይመደባል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከእሱ በፊት የነበሩት ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። 45 ኮልት በ1873 የአሜሪካ ጦር ከተቀበለው የኮልት ሽጉጥ ጋር የመጣ የጥቁር ባሩድ ጥይት ሲሆን፣ 255 ግሬን ወይም 16.5 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ ይተኩሳል። 44 ስፔሻል በ1907 ተከተለ። ጭስ አልባ ባሩድ ከተለመደ በኋላም ፋብሪካዎች ሁለቱን አለዝበው መሙላታቸውን አልተዉም፤ ያረጁና ብረታቸው ደካማ የሆነ ሽጉጦች በየሰው እጅ ነበሩና። የአሜሪካ የጥይት አምራቾች መመዘኛ ለ45 ኮልት የሚፈቅደው ግፊት ዛሬም በስኩዌር ኢንች 14,000 ፓውንድ፣ ለ44 ስፔሻል 15,500 ነው። ለ44 ማግነም ግን 36,000 ይፈቀዳል። የማግነሙና የስፔሻሉ አረር ስፋት አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ግፊቱ ነው።

ይህን ልዩነት ፋብሪካ ከማሰቡ በፊት በጓዳው የሞከረው ኤልመር ኪት ነው። ኪት በ1899 ሚዙሪ ተወልዶ ኑሮውን አይዳሆ ያደረገ ከብት ጠባቂ፣ አዳኝና ጸሐፊ ነበር። ሐምሌ 4 ቀን 1925፣ የአሜሪካ የነጻነት በዓል ሲከበር፣ ራሱ በከባድ አረር በሞላው ጥይት አሮጌ 45 ኮልቱን ሲተኩስ የከበሮው ላይኛ ክፍል ተገንጥሎ በረረ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ 44 ስፔሻል አዞረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በእኩል መጠን ከበሮ ላይ ለ44 የሚቦረቦረው ቀዳዳ ከ45ቱ ስለሚጠብ በጥይቶቹ መካከል የሚቀረው ብረት ይወፍራል። ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ትከሻው ስለታም የሆነ 250 ግሬን የእርሳስ አረር ነድፎ በሰከንድ 1,200 ጫማ እንዲበር አደረገው፤ ጥይት ፋብሪካዎችም እንዲህ ያለውን እንዲያመርቱ ለዓመታት ወተወተ። በመጨረሻ የሰጡት ከጠየቀው በላይ ነበር፦ 240 ግሬን አረር በሰከንድ ከ1,400 ጫማ (430 ሜትር ገደማ) በላይ የሚወረውር ጥይት። የቀለሁንም ርዝመት በ3 ሚሊሜትር ግድም ጨመሩት። ይህች ትንሽ ጭማሪ ኃይል ለመጨመር ሳይሆን አዲሱ ጥይት በአሮጌዎቹ የ44 ስፔሻል ሽጉጦች እንዳይገባ ለመከልከል ናት።

ኪት ግን በጥይቱ ብቻ ሳይሆን በአፉም ይታወቃል። ጓደኛው በጠመንጃ ያቆሰለውን ድኩላ መሰል እንስሳ በ600 ያርድ፣ ማለትም ወደ 550 ሜትር ርቀት፣ በ44 ማግነም መትቶ እንደጣለ ጽፏል። በዚያ ርቀት አረሩ ከአፈሙዙ መስመር ከ10 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ተኳሹም ማነጣጠሪያውን ከፍ አድርጎ በግምት ይሠራል። የማይቻል አይደለም፤ የሚደጋገም ግን አይደለም። የዘመኑ ተቀናቃኙ ጃክ ኦኮነር በበኩሉ ቀላልና ፈጣን አረር የሚተኩሰውን 270 ዊንቸስተር ጠመንጃ እያወደሰ፣ የኪትን ከባድና ዝግተኛ አረር ያጣጥል ነበር። ሁለቱ በመጽሔት ገጾች ሲነቋቆሩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ፍርዱ ያደላው በጠመንጃ ወደ ኦኮነር፣ በሽጉጥ ወደ ኪት ነው፤ አጭር አፈሙዝ በቂ ፍጥነት ስለማይሰጥ ክብደት ይፈለጋልና።

በ1964 የወጣው 41 ማግነም ለፖሊስ ታስቦ ፖሊስ ያልወደደው ጥይት ነው፤ ከዚህ በላይ ቦታ አይሻም። በ1971 «ደርቲ ሃሪ» የተባለው የክሊንት ኢስትዉድ ፊልም 44 ማግነምን የዓለም ቁንጮ ሽጉጥ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ዲክ ካሱል ከዓመታት በፊት ጀምሮ ከዚያ የሚበልጥ ጥይት እየሞከረ ነበር። የእሱ 454 ካሱል በ1983 ፍሪደም አርምስ በተባለ የዋዮሚንግ ፋብሪካ ሽጉጥ ለሽያጭ በቃ፤ የሚፈቀድለት ግፊት 65,000 ፓውንድ ሲሆን ከበሮው የሚጎርሰው አምስት ብቻ ነው። እዚያው ዋዮሚንግ ጆን ላይንባው የጠመንጃ ቀለህ እያሳጠረ 475 እና 500 ላይንባውን ሠራ። የ2001ዱ 480 ሩገር ለዘብ ያለ ግሩም ጥይት ቢሆንም ገበያ አልቀናውም። በ2003 የመጣው 500 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ የአረሩ ስፋት 12.7 ሚሊሜትር፣ እንደ ዲሽቃ ነው፤ ቀለሁ አጭር ይሁን እንጂ ከ3,000 ጁል በላይ ኃይል ያወጣል። ክላሽ 2,000 ጁል ገደማ፣ 44 ማግነም ከ1,500 የማይርቅ መሆኑን ያየ ሰው ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ሽጉጡ ረጅም አፈሙዝ ሲኖረው 2 ኪሎ የሚመዝነውም በከንቱ አይደለም።

በዚህ ዘርፍ ቀለህ መልሶ መሙላት ተጨማሪ መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ጥይት ዋጋ ብዙውን የሚይዘው ናስ ቀለሁ በመሆኑ ደጋግሞ መጠቀም ያዋጣል። ሥራው በቅደም ተከተል የሚሄድ ነው፦ የተተኮሰው ቀለህ በቅርጽ ማስያዣ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ያለቀው እሳት ጫሪ ካፕሱል ወጥቶ አዲስ ይገባል፣ የተመዘነ ባሩድ ይጨመራል፣ አረሩ ይቀመጣል፣ በመጨረሻም የቀለሁ አፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በሪቮልቨር ትልቁ ጉዳይ ይህች እጥፋት ናት። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲመታ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች አረር ወደ ፊት ይሳባል፤ በአረሩ ወገብ ላይ ባለው ቦይ በደንብ ካልታጠፈ ጫፉ ከከበሮው ወጥቶ መሽከርከሩን ይገታዋል። 500 እና 454 ላይ ይህ ዘወትር የሚያጋጥም ነው።

የባሩድ ምርጫም የራሱ ወጥመድ አለው። ቶሎ የሚነድ ባሩድ ጥቂቱ ስለሚበቃ፣ በሰፊው ቀለህ በስህተት እጥፍ ቢገባበት እንኳ ቦታ ተርፎት ሳይታይ ያልፋል፤ ሽጉጥ የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ቀስ ብሎ የሚነደው ቀለሁን ስለሚሞላ እጥፉ ፈሶ ራሱን ያጋልጣል፤ ሆኖም አንዳንዱ ዓይነት ከመጠኑ ብዙ ሲቀነስ በወጉ ስለማይነድ የአምራቹ መጽሐፍ ያንን ይከለክላል። እርሳስ አቅልጠው አረር የሚያፈሱትም ጢሱንና የእጅ ንጽሕናን ማሰብ አለባቸው።

ከሁሉ የሚያምታታው 45 ኮልት ነው። ለአሮጌውም ለጠንካራው ዘመናዊ ሽጉጥም ቀለሁ አንድ ስለሆነ፣ 44 ላይ የተጨመረው የ3 ሚሊሜትር መከላከያ እዚህ የለም። የአሞላል መጻሕፍት ለዚህ ሲሉ ለጠንካራዎቹ ብቻ የሚሆን የተለየ ሠንጠረዥ ያወጣሉ፤ እንደ ሩገር ላለ ጠንካራ ሽጉጥ የተሞላው በመቶ ዓመት ኮልት ቢተኮስ የኪትን የ1925 በዓል ይደግማል። 44 ማግነም ዛሬም የሚመረጠው ለዚህ ነው፦ የ44 ስፔሻልን ጥይት ያለ ችግር ይተኩሳል፣ በለዘብታም በሙሉ ኃይልም ይሞላል፣ ስህተትም ቢፈጠር ወደ ደካማ ሽጉጥ አይገባም። 500ው በሠንጠረዥ ላይ ይበልጠዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲተኮስ የሚውለው ግን 44ቱ ነው።