ጊዜ ለማን ይሠራል?

10 ሺህ ብር ያጠራቀመ ወጣት ቀድሞ የሚጠይቀው «የቱ የበለጠ ያተርፋል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ቀን በመጣ፣ ቀን በሄደ ቁጥር ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ነው። ቁጠባ፣ አክሲዮንና በሌቨሬጅ የሚደረግ ግብይት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በባንክ ደብተር ያለ ገንዘብ ቁጥሩ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የመግዛት አቅሙ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በእንዲህ ያለ ዓመት 10 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው 10,700 ብር ይዞ ይወጣል፤ በ10 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ ደግሞ 13 ሺህ ብር ገብቶ ይጠብቀዋል። ያም ሆኖ ከሦስት ወር በኋላ ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚፈለግ ገንዘብ ቦታው ደብተር ነው እላለሁ። ግሽበት በሦስት ወር የሚበላው፣ ገንዘቡን በቀኑ ከማጣት ይቀላል።

አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅት ቁራሽ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአክሲዮኑን 10 በመቶ ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። ድርጅት ካተረፈ ባለአክሲዮኑ የትርፍ ድርሻ ሊያገኝ ይችላል፤ ካላተረፈ ዋጋው ሊወርድበት ይችላል። ሆኖም ከከፈለው በላይ አይከስርም፤ ዋጋው በወረደበት ዓመት ሽጥ ብሎ የሚያስገድደውም የለም። ችግሩ መሸጡ ላይ ነው። ቀድሞ የባንክ አክሲዮን ለመሸጥ ገዢ በሰው በሰው ይፈለግ ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ገና ጀማሪ ገበያ ነውና፣ ነገ የሚፈለግ ገንዘብ ባይገባበት ይመረጣል።

በስልክ የሚመጣው ሦስተኛው፣ በሌቨሬጅ የሚደረገው የውጭ ገንዘቦች ግብይት (ፎሬክስ)፣ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሌቨሬጅ ማለት ጥቂት ገንዘብ አስይዞ፣ በብድር መልክ በብዙ እጥፍ መገበያየት ነው። 100 ዶላር አስይዞ በ30 እጥፍ የገባ ሰው የ3,000 ዶላር ግብይት ይዟል። ዋጋው 1 በመቶ ብቻ ወደ ገመተው ቢሄድ 30 ዶላር ያገኛል፤ ልብ የሚሰርቀው ይህ ነው። 3.3 በመቶ ወደ ኋላ ቢሄድ ግን 100 ዶላሩ አለቀ። እንዲያውም እዚያ ሳይደርስ የሚያገበያየው ደላላ ግብይቱን ይዘጋበታል። 500 እጥፍ በሚፈቅድ ደላላ ዘንድ 0.2 በመቶ ይበቃል፤ ዩሮና ዶላር በተራ ቀን ከዚያ በላይ ይወዛወዛሉ።

ጀማሪ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በሌቨሬጅ ግምቱ ትክክል የሆነም ሰው ይከስራል። ዩሮ በወሩ መጨረሻ ይወደዳል ብሎ ገዛ እንበል። ማክሰኞ ዋጋው ትንሽ ወርዶ ግብይቱ ተዘጋበት። ዓርብ ዩሮ እንደተባለው ሲወደድ እሱ ገበያው ውስጥ የለም። ባለአክሲዮን ማክሰኞን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ይህ ሰው ግን የሚያሳልፍበት አቅም የለውም። ግብይቱ ባደረ ቁጥር ብዙ ጊዜ የማሳደሪያ ሂሳብም ይቆረጥበታል።

ከዚህ የባሰም ደርሷል፤ የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የአገሪቱ ገንዘብ ፍራንክ በዩሮ ላይ የነበረበትን ገደብ ድንገት ሲያነሳ፣ ፍራንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ተተኮሰ። ደላሎች ለመዝጋት እንኳ ጊዜ አላገኙም። ብዙ ደንበኞች ያስያዙት ማለቁ ሳያንስ ባለዕዳ ሆነው ተገኙ፤ አልፓሪ የተባለው የእንግሊዝ ደላላም ወደቀ። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ደንብ ሲያወጣ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑ የግለሰብ ሂሳቦች እንደሚከስሩ ገልጾ፣ በዋና ዋና ገንዘቦች ግብይት ጣሪያውን 30 እጥፍ አደረገ፤ ደንበኛ ካስያዘው በላይ እንዳይከፍልም ከለከለ። በቴሌግራም ባገኘው አድራሻ፣ ከዚያ ደንብ ውጭ ካለ ደላላ ጋር ለሚገበያይ የአዲስ አበባ ወጣት ይህ ጥበቃ አይደርሰውም።