ከአራት ሰው አንዱ ድሃ ነው? የሴንት ሉሺያ ቁጥርና ክርክሩ

የምሥራቅ ካሪቢያን ደሴቶች በጋራ በሚገበያዩበት የመቶ ዶላር ኖት ላይ የአንድ ኢኮኖሚስት ፊት ታትሟል። ሰር አርተር ሉዊስ ናቸው። በ1915 በሴንት ሉሺያ ተወልደው በ1979 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድሃ አገር ከድህነት በምን መንገድ ይወጣል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የትውልድ አገራቸው ግን ስንቱ ልጇ ድሃ እንደሆነ እንኳ መስማማት አልሆነላትም።

ሴንት ሉሺያ 617 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የተቀመጠች፣ ወደ 180 ሺህ ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል በሚባልበት በእንዲህ ያለ አገር የድህነት ቁጥር ሲነገር የሚሰማው ሰው ጎረቤቱን፣ አክስቱን፣ ራሱን እያሰበ ነው የሚሰማው። «ከአራት ሰው አንዱ» ሲባል የራሱን መንደር ይቆጥራል። ቆጠራው ካልገጠመለት ስልኩን አንሥቶ ወደ ሬዲዮ ይደውላል፤ በደሴቶቹ ፖለቲካ የሚብሰለሰለው በሬዲዮ የስልክ ውይይት ነውና። አንዱ «ይህ ሁሉ መኪና መንገዱን ሞልቶት የምን ድህነት ነው?» ሲል ሌላው «እኔ ቤት ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም፤ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል» ይላል። ሁለቱም ተቆጥተዋል፤ የተቆጡት ግን በተለያየ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው። በ1995 በተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 25.1 በመቶው ድሃ ተባለ። በ2005/06 ቁጥሩ ወደ 28.8 አደገ። በ2016 ወደ 25.0 ተመለሰ። ከእነዚህ ጎን ለጎን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለተኛ ረድፍ አለ፦ የምግብ ወጪውን እንኳ መሸፈን የማይችለው፣ የከፋ ድህነት ላይ ያለው ሕዝብ። እሱ ከ7.1 በመቶ ወደ 1.6፣ ከዚያም ወደ 1.3 ወርዷል።

የ2005/06ቱ ጥናት የተካሄደው በኬኒ አንቶኒ የሌበር ፓርቲ መንግሥት ዘመን ነው። ውጤቱ ይፋ ሲሆን ግን በታኅሣሥ 2006 በተደረገው ምርጫ ሌበር ተሸንፎ ሥልጣኑ ወደ ተቀናቃኙ ፓርቲ አልፎ ነበር። እንግዲህ አስቡት። አዲሱ መንግሥት «በእናንተ ጊዜ ድህነት ከ25 ወደ 29 በመቶ ተጠጋ» ማለት ይችላል፤ እውነት ነው። የተሸነፈው ፓርቲ «በእኛ ጊዜ የተራበው ሰው ከሰባት በመቶ ወደ ሁለት በመቶ ገደማ ወረደ» ማለት ይችላል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የወጡት ከአንድ ሰነድ ነው። ሕዝቡ በመሐል ቆሞ ሲሰማ አንደኛው ወገን የግድ የሚዋሽ ይመስለዋል። በዚህ አልፈርድበትም።

ነገሩ የሚገባን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ስናይ ነው። ጠያቂዎቹ በናሙና ወደተመረጡ ቤቶች ሄደው «ድሃ ናችሁ ወይ?» አይሉም። በዚህ ሳምንት ስንት ኪሎ ሩዝ ገዛችሁ፣ ለመብራት ምን ያህል ከፈላችሁ፣ ለልጆቹ ጫማ መቼ ገዛችሁ እያሉ ይመዘግባሉ። ከጓሮ የተለቀመው ሙዝና ብሬድፍሩት የተባለው የዛፍ ፍሬም በገንዘብ ተተምኖ ይገባል። ደመወዝን ትተው ወጪን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሆቴል ሠራተኛ ገቢ በቱሪስቱ ወቅት ይወጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይወርዳል፤ ዓሣ አስጋሪውም በወር ስንት እንደሚያገኝ ራሱም አያውቀውም። ወጪ ግን የኑሮውን ልክ ቀረብ አድርጎ ያሳያል።

ቀጥሎ መስመር ይሰመራል። አንድ አዋቂ በቀን ወደ 2,400 ካሎሪ የሚያገኝበት፣ በተቻለ መጠን ርካሽ የሆነ የምግብ ዝርዝር ይወጣና በገበያ ዋጋ ይሰላል። በ2016 ይህ ዝርዝር በዓመት 2,123 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ወጣ። ለቀን ሲካፈል 5 ዶላር ከ82 ሣንቲም ነው። ገንዘቡ ከ1976 ጀምሮ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.70 ሆኖ ስለታሰረ ወደ 2 የአሜሪካ ዶላር ከ15 ሣንቲም ማለት ነው።

የሕዝቡ ቁጣ መነሻው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቁጣውም ፍሬ ነገር አለው። አብዛኛው ምግብ በመርከብ በሚመጣበት ደሴት በ5.82 ቀኑን ሙሉ በልቶ የሚያድር ማነው? በባለሙያው ስሌት መልስ አለው፦ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይትና የአገሩ ሥራ ሥር በቤት ሲበስል ካሎሪው ይሞላል። አዎ፣ ይሞላል። ግን ማንም ሰው ካሎሪ እየቆጠረ አይገዛም፤ ከተሜው ጠዋት ከቤት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፣ ምሳውንም መንገድ ላይ ይበላል። ስለዚህ «1.3 በመቶው ብቻ ነው የከፋ ድህነት ላይ ያለው» የሚለው ዜና ሲነበብለት ሰሚው «እንግዲህ እኔ ደልቶኛል ማለት ነው?» ብሎ ይስቃል። ቁጥሩ ስለ መደላደል አንድም ቃል አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ ረሃብ ብቻ ነው። ይህን ለሰሚው ማስረዳት የነበረበት ዜናውን ያወጣው ክፍል ነው።

በምግቡ ላይ ልብስ፣ ቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት ሲጨመር የ2016ቱ አጠቃላይ የድህነት መስመር በዓመት 6,443፣ በቀን 17 ዶላር ከ65 ሣንቲም ሆነ። ሉዊስ ካሉበት ኖት አንድ አምስተኛ አይሞላም። በቀን 18 ዶላር የሚያወጣ ሰው በዚህ ስሌት ድሃ አይደለም። ከግሮ ኢሌ ከተማ ተነሥቶ በዋና ከተማዋ በካስትሪስ ለሚሠራ ሰው የሚኒባስ ታሪፉ በዚያ ጊዜ 2.50 ነበር፤ ደርሶ መልስ አምስት ዶላር። 13 ይቀረዋል።

አጥኚዎቹ ይህን ሰው አልረሱትም። ከድህነት መስመሩ በሩብ ከፍ የሚል ሌላ መስመር ሠርተዋል፤ በ2016 8,054 ዶላር ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ሰው «ተጋላጭ» ይባላል፤ አንድ አውሎ ነፋስ፣ አንድ የሆስፒታል ሂሳብ ወይም አንድ የሥራ ቅነሳ ከመስመሩ በታች ይጥለዋል። እኔ ሬዲዮ ጣቢያ የሚደውለው ሰው ባብዛኛው ከዚህ መደብ ይመስለኛል። በወረቀት ድሃ አልተባለም፤ በኪሱ ግን ከድሃው የሚለየው ትንሽ ነው። ፖለቲከኞች ደግሞ የዚህን መደብ ቁጥር ሲጠቅሱ ብዙም አይሰሙም።

አሁን ወደ 2005/06 እንመለስ። ረሃብ እየቀነሰ ድህነት እንዴት ይጨምራል? ከታች ያለው ሰው የምግቡን መስመር ተሻግሮ ሁለተኛው መስመር ሥር ከቆመ ረሃብተኛው ቀነሰ፤ የድሆች ቁጥር ግን አልተነካም። በዚያው ጊዜ ከመስመሩ ትንሽ በላይ የነበረ ገበሬ ወደ ታች ከወረደ የድሆች ቁጥር ጨመረ። የኑሮ ልዩነቱ መለኪያም ከ0.50 ወደ 0.42 መውረዱ ከዚህ ሥዕል ጋር አይጣላም፤ ታችኛው ሲነሣ ልዩነት ሊጠብ ይችላል።

ያ ገበሬ ማነው ካላችሁ ሙዝ አምራቹ ነው። ሴንት ሉሺያ ሙዝን «አረንጓዴ ወርቅ» ትለው ነበር። በትንንሽ ማሳ ላይ የሚያመርተው ቤተሰብ ምርቱን ወደ እንግሊዝ በልዩ ጥበቃ ይልክ ነበር፤ የቅኝ ግዛት ዘመን ውርስ የሆነ ገበያ ነው። በ1996 አሜሪካ ከኢኳዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስና ከሜክሲኮ ጋር ሆና አውሮፓን በዓለም የንግድ ድርጅት ከሰሰች፤ በ1997 ፈረደላት። በገደላማ ኮረብታ ላይ የሚያርስ ባለ ሁለት ሄክታር ገበሬ ከላቲን አሜሪካ ግዙፍ እርሻዎች ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ወደ ውጭ የሚላከው ሙዝ በአሥር ዓመት ውስጥ ከቀድሞው ከሲሶ በታች ወረደ። የ2005/06ቱ ጥናት ርእሱ ላይ ንግድንና ድህነትን አጣምሮ የጠራውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የ28.8ቱ ቁጥር የካስትሪስ ፖለቲከኞች ብቻ የሠሩት አይደለም፤ ጄኔቭ ውስጥ የተፈረደ ፍርድም አለበት። በምርጫ ሰሞን ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ቁጥሩን በየወረዳው ስንበትነው ሌላ ነገር ይታያል። በ2005/06 በምዕራብ ጠረፍ ባሉት በአንስ ላ ሬና በሱፍሪየር ከአሥር ሰው ከአራት በላይ ድሃ ነበር፤ በካስትሪስ ከተማ ግን ከዚያ ከግማሽ በታች። ሱፍሪየር የትኛዋ ናት? በፖስት ካርድ ላይ ሁሉ የምትታየው፣ ሁለቱ የፒቶን ተራሮች ከባሕሩ ቀጥ ብለው የሚነሡባት ወረዳ ናት። ተራሮቹ በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሥራቸው ለአንድ ሌሊት ብዙ መቶ የአሜሪካ ዶላር የሚከፈልባቸው ሆቴሎች አሉ። የሆቴሉን አልጋ የምታነጥፈው ሴት ቤት ውስጥ ግን ጥናቱ ሌላ ሂሳብ አግኝቷል። ብሔራዊውን አማካይ ሰምቶ «ውሸት ነው» የሚል የሱፍሪየር ሰው በራሱ ወረዳ ልክ ነው።

«እኔ ቤት አልመጡም» የሚለውስ? ናሙና በደንብ ከተመረጠ ሁሉም ቤት መጠየቅ የለበትም፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን ተቃውሞው ከዚህ አያልቅም። ናሙናው ለመላው አገር ሲበቃ ለአንድ ትንሽ ወረዳ ላይበቃ ይችላል፤ ጥቂት ቤቶች ብቻ የተጠየቁበት አካባቢ ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። ደግሞም በብረት በር የታጠረው ሀብታም ለጠያቂ አይከፍትም፤ ሕጋዊ ባልሆነ ሠፈር ያለው ድሃ ደግሞ ማን ላከህ ብሎ ይሸሻል።

ከአንድ ጥናት የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ቁጥሮች መውጣታቸውን ሌሎች ደሴቶችም ያውቁታል። በሴንት ቪንሰንት የከፋው ድህነት ከ25.7 በመቶ ወደ 2.9 ወረደ ሲባል አጠቃላዩ ከ37.5 ወደ 30.2 ብቻ ነው የወረደው፤ መንግሥት የመጀመሪያውን ቢያነሣ የሚገርም አይደለም። ባርቤዶስ በ2010 ባደረገችው ጥናት ድሃ የተባለው ቤተሰብ 15 በመቶ፣ ድሃ የተባለው ሰው ግን 19.3 በመቶ ነበር። ድሃ ቤተሰብ ብዙ ልጅ ስለሚኖረው በቤት ሲቆጠር ያንሳል፣ በነፍስ ወከፍ ሲቆጠር ይበዛል። ጥናቱ አንድ ነው፤ ጋዜጣው የትኛውን ርእስ እንደሚያደርግ ግን ራሱ ይመርጣል።

ሴንት ሉሺያ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የራቀ ቁጥር አለ። በ2012 በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራው ዓለም አቀፍ የብዙ ዘርፍ ድህነት መለኪያ በደሴቲቱ ድሃው 1.9 በመቶ ብቻ ነው ይላል። መለኪያው የሚጠይቀው ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ ወይ፣ ቤቱ መብራትና ንጹሕ ውኃ አለው ወይ፣ ሕፃን ሞቷል ወይ እያለ ነው። በዚህ ሴንት ሉሺያ በእርግጥ ጥሩ ሠርታለች። ግን ልጁ ትምህርት ቤት ስለገባ የኪራዩ ዕዳ አልተከፈለለትም። 1.9ኙንና 25ቱን አጋጭቶ «አንዱ ሐሰት ነው» የሚል ሰው የሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መልስ ነው ያቀላቀለው።

ይህ አሠራር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2015/16 የድህነት መጠን 23.5 በመቶ ነው የተባለው በዚሁ መንገድ፣ በቀን 2,200 ካሎሪን መነሻ አድርጎ ነው። መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር፣ በቀን ከ20 ብር ያነሰ ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በሃያ ብር ምን ይገኝ እንደነበር አንባቢ ያውቃል።

እኔ በሴንት ሉሺያ ክርክር የሚያሳስበኝ የሕዝቡ ጥርጣሬ አይደለም፤ የጥናቶቹ መራራቅ ነው። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተለካው። የ2016ቱ ውጤት ሲወጣ የሚነጻጸረው ከ2005/06ቱ ጋር ነው፤ በመሐሉ ሁለቱም ፓርቲዎች በየተራ አምስት አምስት ዓመት ገደማ ገዝተዋል፤ ከ28.8 ወደ 25.0 መውረዱን ለማን እንስጠው? ጃማይካ ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ትለካለች። እዚያም ይከራከራሉ፣ ክርክሩ ግን ከዓምናው ቁጥር ጋር ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ መለየት ይቻላል። የአሥር ዓመት ክፍተት ለፖለቲከኛ ይመቻል፣ ለዜጋ ግን አይመችም።

በ2020 ኮሮና ቱሪዝሙን ሲዘጋው የሴንት ሉሺያ ኢኮኖሚ ከአንድ አምስተኛ በላይ ወደቀ። በዚያ ዓመት ስንት ሰው ከመስመሩ በታች እንደወረደ የሚናገር የቤት ለቤት የኑሮ ጥናት የለም፤ ለማንሣትም ለመጣልም የቀረበው ቁጥር የ2016ቱ ነበር።